ለአራት ቁጥር የፈረድኩ ቀን

በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ እንቁጣጣሽ ካለፈ በሳምንቱ ግድም፣ አንድ እሁድ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤቴ ስልክ ይጮኻል። ገና ሳነሣው ሁለት የሽማግሌ ድምፆች እኩል "ተሳስተሃል" ይሉኛል። ከዚያ ስለ ልጆቼ፣ ስለ እነሱ ጉልበት ሕመም፣ ስለ አየሩ ትንሽ አውርተን እንሰነባበታለን። ይህ ልማድ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል።

ዘንድሮ የደወለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዴክላን ጥር ላይ ሞቷል፤ ቀብሩ ላይ ነበርኩ። የደወለው የሚስቱ ወንድምና የሥራ ሸሪኩ ኮነር ነው። "ተሳስተሃል" አላለኝም።

"ፍርዱን ቀይርልኝ" አለኝ። "የማዮው ልጅ ይበልጥ ነበር ብለህ ጻፍ። ዴክላን ልክ ነበር፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ሰማንያ ያለፈው ሰው ተሳስቻለሁ ሲል መስማት ብርቅ ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። ንዴቴን ለማስረዳት ወደ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ አሌክሳንድሪያ ወደሚገኝ አንድ የአየርላንዶች መጠጥ ቤት መመለስ አለብኝ።

ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ዘንድ ነው፤ የምሠራው ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ። በሜትሮ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ የመጽሐፍ ሁለት ምዕራፍ ያስጨርሳል። ዛሬ ብዙ አንብቧል የሚሉኝ ሰዎች አያውቁም እንጂ ግማሹን ያነበብኩት ባቡር ውስጥ ቆሜ፣ በአንድ እጄ ዘንግ ጨብጬ ነው። ሥራዬ ብርጭቆ ማጠብ፣ የቢራ በርሜል መቀየር፣ እሁድ ጠዋት ደግሞ ቤቱን መክፈት ነበር። አክስቴ እሁድን ለመጠጥ ቤት መስጠቴን አልወደደችውም። "ሰው ወደ ቅዳሴ ሲሄድ አንተ ወደ ቢራ" ትለኛለች። እኔም ቢራውን ሌሎች እንደሚጠጡት፣ እኔ ግን እንደማጥበው አስረዳታለሁ። አልተዋጠላትም።

እሁድ የሚከፈተው ለጨዋታ ነው። አራት ሰዓት ተኩል ላይ የአየርላንድ ጨዋታ በሳተላይት ይመጣል። ቤቱ የትናንት ቢራ፣ የሚጠበስ ሥጋና እርጥብ የእንጨት ወለል ይሸታል። ግንበኞች፣ ለሳኞች፣ ጡረታ የወጡ ነርሶች ከየቤተ ክርስቲያናቸው ቀጥታ ይመጣሉ። ጨዋታው የእነሱ የራሳቸው እግር ኳስ ነው፤ በእጅም በእግርም ይጫወቱታል፣ አሥራ አምስት ለአሥራ አምስት። ተጫዋቾቹ ደሞዝ የላቸውም፤ ሰኞ ወደ ማስተማሩ ወይ ወደ ላሙ ይመለሳሉ። ሁሉም የሚጫወተው ለተወለደበት አውራጃ ነው። ቡድን መምረጥ ብሎ ነገር የለም፤ አባትህን እንደማትመርጠው።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት አንድም ነገር ሳይገባኝ ነው ያየሁት። የጎሉ ቋሚዎች ከአግዳሚው አልፈው ወደ ሰማይ ይቀጥላሉ። ኳሷ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ከገባች ሦስት ነጥብ ናት፤ በላይ ካለፈች ደግሞ አንድ። ይህን ማንም አልነገረኝም። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ኳስን ከአግዳሚ በላይ የሰደደ ሰው ለሳምንት አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። እዚህ ግን አጥቂው ኳሷን ወደ ላይ በላካት ቁጥር ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። የዓለም ደጉ ሕዝብ ይህ ነው አልኩ በልቤ፤ የሳተ ልጃቸውን እንኳ እያጨበጨቡ ያበረታታሉ። አንድ እሁድ የኮነር አውራጃ የኬሪ አጥቂ እንደዚያ ወደ ላይ ልኮ ኮነር ከወንበሩ ብድግ ሲል፣ አዝኖ መስሎኝ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት።

"አይዞህ፣ የሚቀጥለውን ያገባል" አልኩት።

ወደ እኔ ዞረ። "እስከ ዛሬ ምን እያየህ ነበር?"

"ተከላካዮቹን" አልኩ።

ከዴክላን ጋር ሆነው ለሁለት ቀን ሳቁብኝ። እኔ ግን እውነቴን ነበር። ኳሷ የምትሄድበት ቦታ ትርጉም ስላልሰጠኝ ዓይኔ ኳስ ወደሌለበት ቦታ መሄድ ለምዶ ነበር።

የቤቱ ባለቤቶች እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ኮነር የኬሪ ሰው ነው፤ ትከሻው በር የሚሞላ፣ የቀድሞ ለሳኝ። ኬሪ ዋንጫ እንደ እህል በየዓመቱ የምታጭድ አውራጃ ናት። ዴክላን የማዮ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የኮነርን እህት ያገባ። ማዮ ደግሞ ለፍጻሜ ደርሳ መሸነፍን ሙያ ያደረገች አውራጃ ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ እያለቁ ስለነበር ያን ዓመት የቤቱ ወሬ አንድ ነው፦ የአሥር ዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ማነው? ኮነር የኬሪውን አጥቂ ይላል። ዴክላን የማዮውን። ማስረጃቸው የዴክላን ወንድም ከአየርላንድ በፖስታ የሚልክላቸው የቪዲዮ ካሴቶች ነበሩ። ገበያ በቀዘቀዘ ከሰዓት በኋላ አንዱ "ያንን አምጣ" ይለኛል፤ ሌላው "ይኸኛውን"። ካሴቱን የምጎትተው፣ የምመልሰው፣ የማጠነጥነው እኔ ነኝ።

ካሴት የሚያጠነጥን ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ሰዎች የትኛውን ቦታ ሳያዩ ማሳለፍ እንደሚወዱ።

ሐምሌ ሲያልቅ ክርክሩ ተበላሸ። ኮነር ቤት ሙሉ ሰው በተቀመጠበት፣ "የማዮ ሰው ጭንቅ ሲመጣ ይጠፋል" አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። "አንተስ እናትህ ስትሞት የት ነበርክ?" ብሎ ጨመረ።

ዴክላን እናቱ በሞተችበት ጊዜ የመኖሪያ ወረቀት አልነበረውም፤ ቢወጣ መመለሻ የለውም። እናቱ የተቀበረችው እሱ በሌለበት ነው። በእኛ ሰዎች መካከል ይህ ታሪክ ለማን እንግዳ ነው? ወላጁን ሳይቀብር የቀረውን በአካባቢያችን ከተሞች፣ ከበርክ እስከ ጀርመንታውን፣ ብንቆጥር አንድ ቀን አይበቃንም። ዴክላን የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት አልተነጋገሩም።

ሁለት ክንድ ተራርቀው ቆመው በእኔ በኩል ይላላኩ ነበር። "ለዚያ ሰውዬ በርሜሉ አልቋል በለው።" "ለሰውዬው ሰምቻለሁ በለው።" ኩርፊያ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እነዚህስ አሳምረው ያውቁበታል።

ወጥ ቤቱን የያዙት የደብረ ብርሃኗ እትዬ ዘነበች ነበሩ። በዚያ ቤት አሥር ዓመት ሠርተዋል፤ የአየርላንድ ወጥ ከአየርላንዶቹ አስበልጠው ይሠራሉ፣ አልቀመሱትም እንጂ። ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር ለእኔና ለእሳቸው ድንች በተለየ ዘይት ይጠብሱልናል። ድንቹን በሚጥሚጣ እየበላን ሳለ አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦

"ሰማህ? ዴክላን ሌላ ቦታ እያየ ነው አሉ። ቤቱን ሊሸጡት ነው። ከዚያ እኔና አንተ ከሥራ ሌይኦፍ ነን።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"አስታርቃቸዋ።"

"እትዬ፣ የሚያስታርቀው ሽማግሌ ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።"

"እሱስ ጢምም የለህም" አሉ ድንቹን እያኘኩ። "ግን ከእነሱ ሰዎች ማን ይገባል? ሁሉም አውራጃ አለው። አንተ አውራጃ የለህም።"

"ጎጃሜ ነኝ እኮ።"

"እዚህ ጎጃም አይቆጠርም።"

አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ስለ ጥንቱ ሙግት ማውራት ይወድ ነበር፤ ባላጋራዎች መንገድ ላይ ያገኙትን መንገደኛ አስቁመው "ዳኘን" ሲሉት እምቢ ማለት ነውር እንደነበር፣ መንገደኛው ዛፍ ሥር እንደሚቀመጥ፣ ተሟጋቾቹ ነጠላቸውን አጣፍተው በላ ልበልሃ እያሉ ተራ በተራ እንደሚሟገቱ። "ዋናው ነገር መንገደኛነቱ ነው" ይል ነበር አባቴ። "ዘመድ የለውም። ነገም እዚያ አይገኝም።" ያን ጊዜ የሽማግሌ ተረት እያልኩ በግማሽ ጆሮ ነበር የምሰማው። ሰው አባቱን በግማሽ ጆሮ ሰምቶ በሌላ አገር በሙሉ ጆሮው ያስታውሰዋል።

እንደዚያ መንገደኛ ልዳኛችሁ ብዬ ለሁለቱም ለየብቻ ነገርኳቸው። ሥርዓቱን ስገልጽ ኮነር ዓይኑ በራ። "ደንብ ያለው ጠብ ነው ማለት ነው" አለ። ዴክላን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ "የተፈረደበት ምን ይሆናል?" "ፍርዱን ይቀበላል" አልኩት። ሁለቱም እሺ አሉ፣ ሁለቱም እንደሚያሸንፉ እርግጠኛ ስለነበሩ። ሙግት ያለዚህ እርግጠኝነት አይጀመርም።

በዚያ ሳምንት ቤቱ ከመከፈቱ በፊት እየመጣሁ ካሴቶቹን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድም ቦታ ሳላሳልፍ አየኋቸው። አሁን ነጥብ መቁጠር አውቃለሁ፤ ዓይኔ ግን የድሮ ልማዱን አልተወም።

እሁድ ጠዋት፣ ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ መስኮቱ ሥር ባለው ረጅም ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዛፍ ስላልነበረ የመጋረጃው ጥላ በቃን። ደንበኞቹ ዙሪያውን ቆሙ። እትዬ ዘነበች ከወጥ ቤቱ በር ላይ እጃቸውን አጣምረው ያያሉ። ነጠላ በሌለበት የብርጭቆ ማድረቂያ ፎጣ ሰጠኋቸው፤ ሁለቱም ትከሻቸው ላይ አጣፉ።

ኮነር ጀመረ። የኬሪው አጥቂ በግራም በቀኝም እኩል እንደሚመታ፣ ዝናብ በሚወርድበት ፍጻሜ ላይ ብቻውን ጨዋታ እንደገለበጠ፣ ሕፃናት በየመንደሩ የእሱን አሯሯጥ እንደሚለማመዱ ተናገረ። ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ ለሳኝ ግድግዳን እንደሚያለሰልስ ያለሰልሰዋል። "ዋንጫውን ቁጠሩና ወደ ቤታችሁ ሂዱ" ብሎ ጨረሰ።

ዴክላን ፎጣውን አስተካከለ። ሦስት ሳምንት ያጠራቀመው ድምፅ ነበረው። የማዮው ልጅ የሒሳብ አስተማሪ ነው አለ፤ በጨዋታ ቀን ጎህ ሲቀድ ላሞቹን አልቦ ነው የሚመጣው፤ ጣቱ ተሰብሮ በፋሻ አስሮ ተጫውቷል።

"ላሟም ትሰለፍ ነበር?" አለ ኮነር።

"ተራህ አይደለም" አልኩት። "ፎጣህን አስተካክል።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ኮነር ግን አስተካከለ። ትከሻው በር የሚሞላ ሰው በሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ቃል ፎጣውን ሲያስተካክል ያየሁ ጊዜ የተሰማኝን አልደብቅም። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ያዘዘኝ እንጂ ያዘዝኩት ሰው አልነበረም።

ዴክላን ወለል ወለሉን እያየ ቀጠለ። "ዋንጫ ያለው ሰው እንደሚያሸንፍ አውቆ ነው የሚመጣው። ይሄ ግን አሥር ዓመት ሙሉ ሳያውቅ መጣ። ተሸነፈ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ መጣ። ጠፋ ለምትሉት፣ የጠፋ ሰው በየዓመቱ አይመጣም።"

የሚናገረው ስለ ተጫዋቹ ብቻ እንዳልሆነ ሁሉም ገብቶታል።

ለዴክላን መፍረድ ቀላል ነበር። ቤቱ ሁሉ ከእሱ ጋር ነው፤ እኔም ልቤ ከእሱ ጋር ነበር። ግን ያን ብፈርድ ለሐዘኑ እንጂ ለተጫዋቹ አልፈረድኩም፤ ኮነርም የተረታሁት በእንባ ነው ይል ነበር። ተነሣሁና ሁለት ካሴቶች አንድ በአንድ ከተትኩ። ሁለቱም ከሊትሪም ጋር የተደረጉ ጨዋታዎች ናቸው። ሊትሪም የአገሪቱን ዋንጫ በልታ የማታውቅ፣ ዴክላን ራሱ "ከሕዝቧ ላሟ ይበዛል" የሚላት ትንሽ አውራጃ ናት።

"ኮነር፣ ይህ ቦታ ሲደርስ ሁልጊዜ ታሳልፈዋለህ። ዴክላን፣ አንተም የራስህን ታሳልፈዋለህ። ዛሬ አናሳልፍም።"

በመጀመሪያው ካሴት የኬሪው አጥቂ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ኳስ የነካው ጥቂት ጊዜ ነው፤ እሱም ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ። በሁለተኛው የማዮው ልጅ ከዕረፍት በኋላ ወደ ሜዳው ሌላ ጥግ ሸሸ። በሁለቱም ላይ፣ ኳሷ ሩቅ ሳለች እንኳ፣ አንድ አጭር፣ መላጣ፣ አራት ቁጥር የለበሰ የሊትሪም ሰው አጠገባቸው አለ። አይጎትትም፣ አይማታም። እነሱ ሊሄዱ ወዳሰቡበት ቀድሞ ይቆማል፤ ያ ብቻ ነው። የማዮው ሲሸሽ ተከትሎት ሄደ። ስሙን ዛሬም በትክክል መጥራት አልችልም፤ በቤቱ ውስጥ አራት ቁጥር ሆኖ ቀረ።

"ጭንቅ ሲመጣ ጠፋ ተብሏል" አልኩ። "የጠፉት ሁለቱም ናቸው። ያጠፋቸው ደግሞ ይኸውላችሁ። ሁለታችሁም ስለምታውቁት ነው የምታሳልፉት። የአሥር ዓመቱ ምርጥ አራት ቁጥር ነው። ስለ እናት የተባለው ግን ከሙግቱ ውጭ ነው፤ እሱን የተናገረው ራሱ ያንሣው።"

ሥራዬን ያጣሁ መሰለኝ። አክስቴ ምን እንደምትል እንኳ አሰብኩ።

ኮነር ፎጣውን ከትከሻው አወረደ። ቀስ ብሎ ወደ ዴክላን ዞረ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በእኔ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ተናገረው።

"ይሄ ልጅ ኳስ አያውቅም።"

"ምንም አያውቅም" አለ ዴክላን።

"ነጥብ ሲገባ አይዞህ የሚል ሰው ነው።"

"ከሊትሪም። ከሊትሪም ተከላካይ።"

"በዚህ ሁሉ ካሴት መሃል።"

ከዚያ ኮነር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጫማውን እያየ፣ "የእናትህን ነገር ማንሣት አልነበረብኝም" አለ።

"አልነበረብህም" አለ ዴክላን። ፎጣውን በኮነር ትከሻ ላይ ወረወረው። "በርሜሉን ቀይር፤ ሰው ጠምቶታል።"

በርሜል መቀየር የእኔ ሥራ ነበር። ያን ቀን ኮነር ቀየረው።

ወጥ ቤት ስገባ እትዬ ዘነበች ድንች አቀረቡልኝ። "ጥሩ ዳኛ ነህ" አሉኝ። "ሁለቱም ጠሉህ።"

ቤቱ አልተሸጠም፤ እነሱ ጡረታ እስከወጡበት ቀን አብረው ሠሩበት። እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ጽፌአለሁ። ሰው ሁሉ ያወደሰውን መንቀፍ፣ የረሳውን ማንሣት መተዳደሪያዬ ሆነ፤ ጠላትም ወዳጅም አፍርቶልኛል። ምስጋና ያገኘሁባቸው ጽሑፎች አሉኝ፤ ዛሬ ሳነባቸው የማፍርባቸው። ያን ፍርድ ግን አፍሬበት አላውቅም። በየመስከረሙ "ተሳስተሃል" ሲሉኝ ደረቴ ይነፋል። የአየርላንድ ሰዎች የፍጻሜውን ጨዋታ ከመስከረም ወደ ሐምሌ ቢያዞሩትም ሁለቱ ግን በድሮው ቀን ነበር የሚደውሉት።

እንግዲህ ንዴቴ ይህ ነው። ኮነር ለሟቹ ሊሰጠው የፈለገው የሐዘን ስጦታ ነበር። ዴክላን ደግሞ በሕይወቱ ምጽዋት ተቀብሎ አያውቅም።

"በስልክ አይሆንም" አልኩት። "ቀርበህ ተሟገት።"

በሳምንቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቼ በትልቁ ድልድይ ወንዙን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ ኮነር መኖሪያ ቤት ሄድኩ። ዱላ ተደግፎ በሩን ከፈተልኝ። ትከሻው በር መሙላቱን ትቷል። ዴክላን ሲመጣ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ባዶውን መስኮቱ አጠገብ አለ፤ እኔ እዚያ እንድቀመጥ ጠቆመኝ።

"መቆም አልችልም" አለ።

"ተቀምጠህም ይሆናል። ፎጣ ግን ያስፈልጋል።"

ከወጥ ቤት ፎጣ አምጥቶ ትከሻው ላይ አጣፋ። ጀመረ። የማዮው ልጅ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ላሞቹን ያልባል፤ ጣቱን በፋሻ አስሮ። ቃል በቃል የዴክላን ሙግት ነበር፤ ወለል ወለሉን ማየቱም የዴክላን ነው። ከዚያ ዴክላን ያልደረሰበት ገባ፤ የራሱን የኬሪ አጥቂ ጉድ አንድ በአንድ አወጣ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያውቀው የነበረውንና የደበቀውን ሁሉ። "ተሸነፈ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ መጣ" ካለ በኋላ ውኃ ጠጣና ጨረሰ። አንድ ሰዓት ገደማ ተናግሯል። ፊቱ ደም መልሶ ነበር።

"እህስ?" አለኝ።

የፈለገውን ፍርድ ብሰጠው ያመሰግነኝ ነበር። ያመሰግነኝና፣ ፎጣውን ለመጨረሻ ጊዜ አጥፎ ያስቀምጥ ነበር።

"ፍርዱ ጸንቷል" አልኩ። "አራት ቁጥር ነው።"

ዱላውን ወለሉ ላይ መታ። "ተሳስተሃል። ያኔም ተሳስተሃል፣ ዛሬም ተሳስተሃል። ይግባኝ እላለሁ።"

"መብትህ ነው። በመስከረም።"

እየተሳደበ እስከ መኪናዬ ሸኘኝ፤ ዱላውን በር ላይ ረስቶት ነበር።

ድልድዩን ስሻገር የማዮው ልጅ ሳይበልጥ አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ይህን ለኮነር አልነግረውም። በሚመጣው መስከረም ራሱ ያሳምነኝ።